ለአሥራ አምስት ቀን የተያዘ መልስ

የሰው ገመና በችፑድ አይከለልም። ዋልልኝ የሚሠራባት ክፍል ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ሙላቴ ቢሮ የምትለየው በአንዲት ስስ ችፑድ ነበርና፣ ያን የታኅሣሥ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሻዩን ፉት ሳይል፣ የገዛ አክስቱ የሚቀጡበት ደብዳቤ ሲነበብ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሰማ። «በፈጸሙት ከባድ ቸልተኝነት ምክንያት፣ ከነገ ጀምሮ ከጸሐፊነት ሥራዎ ተነሥተው በዕቃ ግምጃ ቤት እንዲመደቡ፤ ይህም ከግል ማኅደርዎ ጋር እንዲያያዝ» ይላል ደብዳቤው። ዋልልኝ አክስቱ አንድ ነገር ይላሉ ብሎ ጆሮውን ቀሰረ። እትዬ አማረች ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ የጻፉ፣ አራት ነጥብ ያለ ቦታው ያስቀመጠ አለቃ እንኳ ሲያጋጥማቸው ዝም የማይሉ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን «እስቲ ብዕሩን ያቀብሉኝ» ብቻ አሉ። ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ የጫማቸው ኮቴ በእሱ በር በኩል ሲያልፍ ትንሽ ቆም ያለ መሰለው። ከዚያ አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅታቸው፣ ብርሃነ ገጠር የሚባለው፣ ደብረ ታቦር ላይ ቢሮ ከፍቶ ለገበሬው የተሻሻለ የገብስ ዘር ያከፋፍላል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ በቅርቡ ደግሞ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ሙያ ማስያዝ ጀምሯል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ለስምንት ሴቶች የነርስ ረዳትነት ሥልጠና ሊሰጥ፣ መኝታና ምግባቸውንም ሊችል ተስማማ። የቀረው የስምንቱን ስምና ማስረጃ እስከ ኅዳር ሃያ ሰባት በኢሜይል መላክ ብቻ ነበር። እትዬ አማረች ሁለት ቀን ቀደም ብለው ላኩ። ልኬያለሁ አሉ፣ ማለት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ፣ ዝናሽ የምትባል የይፋግ ልጅ፣ ተቋሙ ዘንድ ደውላ ብትጠይቅ «ከደብረ ታቦር የመጣ ስም የለም፤ ቦታው ለሌሎች ተሰጥቷል» አሏት። ልጅቱ የዚያኑ ዕለት ቢሮ መጥታ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የኔን ቦታ ለዘመድሽ ሸጥሽው» አለቻቸው። ሠላሳ ዓመት አንቱ ሲባሉ የኖሩ ሴት፣ ልጃቸው በምትሆን ሴት በአደባባይ አንቺ ተባሉ። እትዬ አማረች ያን ዕለት ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

በማግሥቱ ኮሚቴ ተሰየመ። እትዬ አማረች «ልኬዋለሁ፤ ኮምፒውተሩም ተልኳል ይላል» አሉ። አቶ ሙላቴ ወደ ዋልልኝ ዞሩ፤ የኔትወርክ ባለሙያው እሱ ነዋ። «እንዲያው ከመሣሪያው በኩል ችግር ሊኖር ይችላል?» ብለው ጠየቁት። ዋልልኝ ሰርቨሩን ሳይከፍት፣ መዝገቡን ሳያይ፣ እንደ ተቀመጠ «መሣሪያማ አይሳሳትም፤ ከተላከ ይደርሳል። ምናልባት አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ተገድፎ ይሆናል» አለ። አክስቱን ሊጎዳ ብሎ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ማቅለሉ ነበር፤ ሰው ነው ይሳሳታል ብለው ያልፉታል ብሎ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ ያች ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ ገባች፣ ከቃለ ጉባኤ ወደ ውሳኔ ተሻገረች። ዋልልኝና አክስቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከአንበሳሜ ገጠር፣ ከእናቱ ቤት፣ በሰባተኛ ክፍል አምጥተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከኮሚቴው ወዲህ አምስት ቀን እራት አብረው በልተዋል፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ተጨዋውተዋል፤ ስለዚህ ነገር ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሱም አልጠየቀ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሙላቴ ችፑዱን በጣታቸው አንኳኩ። እሱን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሲገባ አንድ ወረቀት ሰጡትና «ዓርብ ለዚያ ተቋም የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዙር እንኳ እንዲያስቡልን። ይኸው ከነእንግሊዝኛው ተመልሶ መጣብኝ። ምን እንደሚል እይልኝ» አሉት። ዋልልኝ ቆሞ አነበበው። «በዚህ ስም የሚታወቅ ቦታ የለም፤ ደብዳቤዎ አልደረሰም» ይላል፣ ባጭሩ። አድራሻውን ተሳስተው ይሆናል ሊላቸው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። መለስ ብሎ አድራሻውን አየ፤ ትክክል ነው። ፊደል በፊደል ቆጠረው፤ ትክክል ነው። «አይቼ እነግርዎታለሁ» ብሎ ወጣ።

ክፍሉ ድሮ የዘር መጋዘን ነበረች። አሁንም ግድግዳዋ ሥር የገብስ ገለባ አይጠፋም፤ መስኮቷ አንዲት ክንድ አትሞላም፤ ሰርቨሩ ከጥግ በአሮጌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሌላው ሠራተኛ ብርዱን ሲፈራ ዋልልኝ በሰርቨሩ ሙቀት ክረምትና በጋ በሸሚዝ ነው የሚውለው። ቁጭ አለና መጀመሪያ በራሱ ስልክ፣ ከቢሮው መስመር ውጪ፣ የተቋሙን ስም ጠየቀ። አለ። ቁጥሩም ወዲያው መጣለት። ከዚያ ያንኑ ሰርቨሩን ጠየቀው። ሰርቨሩ «የለም» አለው።

ኢሜይል የሚያደርስ ሰርቨር እንደ አገር ቤት መልእክተኛ ነው። ስም ይሰጡታል፤ ቤቱን ግን ጠይቆ ነው የሚደርሰው። ባለሙያዎቹ ዲኤንኤስ የሚሉት ያንን መጠየቂያ ነው፤ ስም ሲሰጡት የቤቱን ቁጥር ይመልሳል። በየደብዳቤው እየተመላለሰ እንዳይጠይቅም ሰርቨሩ ያገኘውን መልስ ለጊዜው መዝግቦ ይይዛል። መልሱ ራሱ ከነቀጠሮው ነው የሚመጣው፤ ይህን ለአንድ ሰዓት ያዘው፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ጠይቅ ይላል። ደብረ ታቦር ላይ ግን መጠየቅ ራሱ መከራ ነበር። መስመሩ በቀን አምስት ጊዜ ይቆረጣል፤ ሲመጣም ይንፏቀቃል፤ ደብዳቤው ሁሉ ቤት ሲጠይቅ ተገትሮ ይውላል። ዋልልኝ ባለፈው ዓመት ብልሃት አገኘ። ቀጠሮውን ናቀውና፣ ሰርቨሩ የሰማውን መልስ ሁሉ ለአሥራ አምስት ቀን እንዲይዝ አዘዘው። ኢሜይሉ ፈጠነ። አቶ ሙላቴ በስብሰባ ላይ አስጨበጨቡለት፤ ባሕር ዳር ካለው ዋናው ቢሮ የምስጋና ደብዳቤ መጣለት፤ እትዬ አማረችም በመስተዋት አስገብተው ቤት ሰቀሉለት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። «የለም» የሚለውም መልስ እንደሆነ፣ እሱም አብሮ እንደሚያዝ፣ ዋልልኝ አላሰበም።

የሰርቨሩ መዝገብ ሁሉንም ነገረው። ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን ከቀትር በኋላ፣ ተቋሙ መሣሪያዎቹን ሲያዛውር መሆን አለበት፣ ስሙ ለሁለት ሰዓት ያህል ከመጠየቂያው ጠፍቶ ነበር። በዚያችው ሁለት ሰዓት ውስጥ ከቢሮው ሠራተኞች አንዱ እዚያ ላለ ጓደኛው የሰላምታ ኢሜይል ጻፈ። ሰርቨሩ ጠየቀ፤ የለም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ጠይቅ ተባለ። እሱ ግን እንደ ታዘዘው «የለም»ን ለአሥራ አምስት ቀን ያዘ። ከሁለት ቀን በኋላ የስምንቱ ሴቶች ስም ሲመጣለት ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የያዘውን አየና ደብዳቤውን መለሰው። ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። ከአማረች ኮምፒውተር፤ ለተቋሙ፤ አድራሻው ትክክል፤ አልደረሰም፤ ለላኪዋ ተመልሷል። ይህን የመጨረሻውን ዋልልኝ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ለላኪዋ ተመልሷል። አዎን፤ ትዝ አለው። ያን ዕለት ነፋስ ያጎበጠውን አንቴና ሊያስር ጣራ ላይ ወጥቶ ነበር። እትዬ አማረች ነጠላቸውን ለፀሐዩ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ ወረቀት ይዘው ከሥር ቆሙ። «ዋሌ፣ ይኸ እንግሊዝኛ ምን ይላል? አሁን የላክሁት ነው መሰል ተመልሶ መጣ» አሉት። እሱ ወርዶ አላየም። ከዚያው ከጣራው ላይ «እትዬ፣ ስንቴ ልንገርዎት? የማያውቁት እንግሊዝኛ ከመጣ ቆሻሻ ነው፤ ያጥፉት» አላቸው። ሥርዓቱን ያወጣላቸው ራሱ ነበር። አምና ሎተሪ ደርሶዎታል የሚል የማጭበርበሪያ ኢሜይል መጥቶላቸው ሊመልሱ ሲሉ ደርሶ ካዳናቸው ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ሁሉ ይጥፋ ብሎ አስተማራቸው። ከሥር የነበሩት የግቢው ጥበቃዎች ሳቁ። አክስቱም አብረው ሳቅ አሉና ወረቀቱን አጥፈው ገቡ። ተመልሶ መጣ ማለታቸውን አልሰማሁም ሊል ይችላል፤ ነፋስ ነበር ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ሰምቷል። ሰምቶ ነው ያቃለለው።

የተያዘውን መልስ ሁሉ በአንዲት ትእዛዝ ጠረገና የአቶ ሙላቴን የይቅርታ ደብዳቤ እንደገና ላከው። በሦስት ሴኮንድ ደረሰ። ስሙ ከተመዘገበበት ቤት ሰላም ነው የገባው። አሥራ አምስት ቀን ያለውንም ሰርዞ ቀጠሮውን ለባለቤቱ መለሰ፤ ከእንግዲህ መልሱ በተባለለት ሰዓት ብቻ ይያዛል። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥር ደቂቃዋ ናት ያንገበገበችው፤ በኮሚቴው ዕለት ይህችን አሥር ደቂቃ ቢሰጣቸው ኖሮ።

አምስት ሰዓት ሲሆን መስመሩ እንደ ልማዱ ተቆረጠ። ዋልልኝ ወረፋውን ቢያይ አንዲት ደብዳቤ መንገድ አጥታ ተቀምጣለች። ከአቶ ሙላቴ፣ ለባሕር ዳር፤ ርእሷ «የወ/ሮ አማረች ይሻው የዲሲፕሊን ውሳኔ»። መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ይህች ደብዳቤ ከዚህች ክፍል አትወጣም። ሊያጠፋት ይችላል፤ ማንም አያውቅም። እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቆየ። ግን የሰው ደብዳቤ ነው፤ ደግሞስ ቢያጠፋት ነገ ሌላ ይጻፋል። ባለቤቱን ያስቁሙት ልበል ብሎ ተነሣ። ልቡ ቆርጦ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ ቆርጦ ነበር።

አቶ ሙላቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እግራቸው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ሪፖርት ያነባሉ። ዋልልኝ ቆሞ «ወደ ባሕር ዳር የላኩት ደብዳቤ ገና አልወጣም። መስመር የለም» አላቸው።

«ደግ፤ ሲመጣ ይሄዳል።»

«ማለቴ... ማስቆም ይቻላል።»

አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን አስቆመዋለሁ?» ካሉ በኋላ፣ መልሱን ሳይጠብቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ይገባኛል፤ እናትህ ማለት ናቸው። ግን አንተው ነህ የመሰከርህ። ዘመዴ ሳትል እውነቱን በመናገርህ ስምህን ለዋናው ቢሮ አንሥቼላቸዋለሁ። የባሕር ዳሩ የኃላፊነት ቦታ ላንተ ነው የሚሆነው፤ ገና ለማንም እንዳትነግር።»

ዋልልኝ አፉን ከፈተ። የሚናገረው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለቀ። የባሕር ዳሩን ቦታ ለሁለት ዓመት ሲመኘው ኖሯል፤ በሐሳቡ ቤት ተከራይቶ፣ እናቱን ከገጠር አምጥቶ ሐይቁን አሳይቷቸዋል። ማሞቂያው ጢስ ጢስ ይሸታል። አቶ ሙላቴ እየጠበቁት ነው። «እንዲያው መስመሩ እንደሌለ እንዲያውቁት ብዬ ነው» አለና ወጣ። ኮሪደሩን እስኪያልፍ ስድስት እርምጃ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የመስመሩ መብራት አረንጓዴ ሆኗል፤ ወረፋው ባዶ ነው። የአክስቱ ደብዳቤ ባሕር ዳር ደርሷል። ዋልልኝ በገዛ ራሱ አፈረ፤ ፊቱ እስኪነድ ድረስ አፈረ።

ምሳ ሰዓት ቤት ሲደርስ እትዬ አማረች ቀድመውት ገብተው ሽሮውን አሙቀዋል። ጾም ነው፤ ከሽሮው ሌላ ትንሽ ጎመን አለ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ከጥግ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲወጡ በጨረታ የገዟት የጽሕፈት መኪና በዳንቴል ተሸፍና የምትቀመጥበት። እጅ አስታጠቡትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ግምጃ ቤቱ ብርድ ነው ይላሉ» አሉ፣ እንጀራውን እየቆረሱ። «ያን ወፍራሙን ሹራብ ፈልጌ ማጠብ አለብኝ። ሽንኩርት ደግሞ ዛሬ ሁለት ብር ጨምሯል፤ ለጾም እንዲህ ከሆነ ለገና እንጃ።» ዋልልኝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሁለቱን ሰዓት፣ አሥራ አምስቱን ቀን፣ ጣራውን፣ ዛሬ ከአቶ ሙላቴ ፊት አፉን ከፍቶ መዝጋቱን ሳይቀር ነገራቸው። እሳቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ ውኃ ቀዱለት።

«ታዲያ ይህን ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ወረቀት ይዤ ጣራው ሥር መቆሜንስ?»

እትዬ አማረች ትሪውን ትንሽ ገፋ አደረጉት። «እኔ መሣሪያ አላውቅም። ያን ወረቀት እንዳሳየሁህ ግን አውቃለሁ። ከኮሚቴው ዕለት ጀምሮ አምስት ቀን ጠበቅሁህ። ዛሬ እራት ላይ ይናገራል፣ ነገ እራት ላይ ይናገራል እያልሁ። ዛሬ ስፈርም እንኳ በችፑዱ ማዶ መኖርህን አውቅ ነበር። ሳል ቢጤ ብሰማ ብዕሩን አስቀምጥ ነበር።»

«ለምን ራስዎ አልተናገሩም፣ እትዬ? ለዋልልኝ አሳይቼው ያጥፉት አለኝ ቢሏቸው...»

«ያሳደግሁትን ልጅ በኮሚቴ ፊት ጣቴን ልቀስርበት?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ወረደ። «እኔ ልናገረው አልፈለግሁም። አንተ እንድትናገረው ነበር የፈለግሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

ዋልልኝ እንባው መጣ። አክስቱ ሊያባብሉት አልተነሡም፤ በሕይወቱ ሲያለቅስ አይተው ሳያባብሉት የቀሩት ዛሬ ብቻ ነው። «ተወው እሱን» አሉ በመጨረሻ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኔ ለጡረታ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፤ ግምጃ ቤትም ቢሆን ወንበር አለው። ለሙላቴ መንገር አለመንገርህ ያንተ የራስህ ነው። ያች ልጅ ግን ነገ ንጋት ላይ በአውቶብስ ልትሄድ ነው አሉ። ተመልሳ ቤይሩት። አማረች ሸጠችኝ ብላ ነው ባሕር የምትሻገር። ለእሷ ሳትነግር እዚህ ቤት እራት አትበላም።»

ከምሳ በኋላ ቢሮ ተመለሰና መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዋናው ቢሮ፣ ግልባጩን ለአቶ ሙላቴ። ማሳመሪያ አልጨመረበትም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ወይዘሮ አማረች በቀኑና በትክክለኛው አድራሻ ልከዋል፤ ተመልሶ የመጣውንም አሳይተውኝ ሳላይ እንዲያጠፉት ነግሬያቸዋለሁ፤ በኮሚቴ ፊት የሰጠሁትም ቃል ሳላጣራ የተናገርሁት ነው አለ። ላከው። ደረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በችፑዱ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ሰማ፤ አቶ ሙላቴ እያነበቡ መሆን አለባቸው። ችፑዱን ያንኳኳሉ ብሎ ጠበቀ። አላንኳኩም። ኮቱን ለበሰና ወጣ።

ዝናሽ የምትኖረው ከመናኸሪያው በስተጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ነው። ባጃጁ የሚቆመው ከአስፋልቱ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ በሰው ጓሮ፣ በተሰጣ ልብስ ሥር። አሥር ሰዓት አልፏል፤ ብርዱ ከወዲሁ ጀምሯል። በሩን ሲያንኳኳ የከፈተችለት ዝናሽ ከቢሮ ታውቀዋለችና ፊቷ በራ። ቦታው የተገኘላት መስሏት ነው። ዋልልኝ ያንን ፊት አይቶ ወደ ኋላ ቢመለስ በወደደ።

«ይግቡ አቶ ዋልልኝ፤ ቤቱ ተዝረክርኳል» አለች። ከአልጋ ሌላ መቀመጫ የለም። ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል፤ አልጋው ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ከጎኑ ይፋግ ከእናቷ ጋር የምትኖር የአራት ዓመት ልጇ ፎቶግራፍ። ቆሞ ነገራት። መሣሪያው እንዴት እንደሚጠይቅ፣ የሰማውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ያን ያህል ቀን እንዲይዝ ያዘዘው እሱ መሆኑን። ለአክስቱ ከመንገር ይልቅ ለእሷ መንገር ከበደው፤ ምክንያቱም ሁሉንም እየሰማችው ነበር፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እንደምትማር ሰው።

«እና ወይዘሮ አማረች ልከውት ነበር?» አለች።

«ልከውት ነበር። ሁለት ቀን ቀደም ብለው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አንቺ አልኋቸው እኮ» አለች። «ሰው ሁሉ እየሰማ።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ቆይታ ስታነሣው ደረቅ ነበር። «እግራቸውን ልስም ብመጣ ይመሽብኛል። እንደምንም ይንገሩልኝ።»

ዋልልኝ ሌላ ዙር እንዳለ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚከፈት፣ ራሱ እንደሚከታተልላት ተናገረ። ሲናገረው ቃሉ ለራሱም አልጣመውም። ዝናሽ ራሷን ነቀነቀች። ደላላው ቲኬቱን ቆርጧል፤ አሠሪዋ እየጠበቀች ነው፤ እናቷ በሬያቸውን ሸጠው ነው የሚሸኟት። ይህን ሁሉ ያለ ምሬት ነው የነገረችው፣ የአውቶብስ ሰዓት እንደሚነገር። ከዚያ አንድ ነገር ያሰበች መሰለች።

«አሁን ቢላክስ?» አለች። «ስማችን፤ አሁን ቢላክ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«በስንት ጊዜ?»

ሊዋሻት ፈለገ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሊላት ፈለገ። «በሦስት ሴኮንድ» አለ።

ከግቢው ውስጥ የአንዲት ሴት ሳቅ ይሰማል፤ የመናኸሪያው ጥሩንባ ይሰማል። ዝናሽ ፎቶግራፉን አንሥታ ከልብሱ መካከል አስገባች፤ የሻንጣውን ክዳን አወረደች፤ ዚፑን ሞከረችው፤ እንቢ አላት።

«እግዜር ይስጥዎት፣ እስቲ ይህን ይጫኑልኝ» አለችው።

ዋልልኝ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ተጫነ። ከክዳኑ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር፣ የበርበሬ ጣሳ መሆን አለበት፣ መዳፉን ቆረቆረው። እሷ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ጎትታ ዘጋችው።